ጠጠሩ ሲመላለስ

ልጄ፣ ጊኒ ፒግሽ ቡላ ኦፕራሲዮን ከሆነ ዓመት ሳይሞላው የፊኛው ጠጠር ተመልሶ መጣ ብለሽ ስትደውዪልኝ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ የጠየቅሽኝ «ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» ብለሽ ነው። ከዚሁ ልጀምርልሽ። ቡላና ጓደኛው ጥቁር አንድ ቤት ያድራሉ፣ ከአንድ ሳህን ይበላሉ፣ ከአንድ ጠርሙስ ይጠጣሉ። አንዱ ፊኛው ውስጥ ድንጋይ ይሠራል፣ ሌላው ደህና ይሸናል። ጥፋቱ ያንቺ እጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በታመሙ ነበር። ጠጠር የሚወድ ገላ አለ፤ የቡላ ገላ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ራስሽን መውቀሱን ተዪው። «እንግዲህ ተፈጥሮው ነው» ብለሽ ደግሞ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ፤ ያንን ዝንባሌ መኖና ውሃ ሊያባብሱትም ሊያለዝቡትም ይችላሉ። ጠጠሩን ማውጣት የእንስሳት ሐኪሟ ሥራ ነው። እኔ የምመክርሽ ጠጠር ከማይለቀው እንስሳ ጋር እንዴት እንደሚኖር ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩ እንዲህ ነው። የሰው አንጀት ከምግብ ውስጥ የሚበቃውን ካልሲየም ወስዶ የቀረውን ከዓይነ ምድር ጋር ይሸኛል። ጊኒ ፒግ ግን በዚህ ነገር የጥንቸል ወገን ነው፤ ካልሲየሙን በብዛት ወደ ደሙ ያስገባና ትርፉን በኩላሊቱ በኩል ወደ ሽንት ይጥለዋል። ሽንቱ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ ሣር በል እንስሳት አልካላይን ነው፤ ፒኤቹ 8 እና 9 ድረስ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ሽንት ውስጥ ካልሲየም ከካርቦኔት ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ነገር ኖራ ድንጋይ ነው። ሌላ ጉድ የለውም። የአብዛኞቹ ጊኒ ፒጎች የፊኛ ጠጠር ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ልጅሽ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምትጽፍበት ጠመኔ ዘመድ መሆኑ ነው።

ይህን ያልኩሽ ሳይንስ ላስተምርሽ ብዬ አይደለም። «በመድኃኒት ይሟሟል፣ ልዩ መኖ አለው» የሚሉሽ ሰዎች ስለበዙ ነው። እነሱ የሰሙት የውሻና የድመትን ነገር ነው፤ ውሻና ድመት ላይ ስትሩቫይት የሚባለው ጠጠር በልዩ መኖ ይሟሟል። የጊኒ ፒግ ኖራ ግን አይሟሟም። እኔም ቢሾፍቱ ተምሬ ዕድሜዬን ሙሉ ያከምኩት በግና ከብት ነው፤ ለበዓል ተብሎ በእህል የሚቀለብ ሙክት ሽንቱ ተዘግቶ ሲያምጥ ብዙ አይቻለሁ። የሙክቱ ጠጠር ግን በአብዛኛው ከእህሉ ፎስፈረስ የሚመጣ ነው፤ ሽንቱን አሲዳም የሚያደርግ አሞኒየም ክሎራይድ ይረዳዋል። ያንን ለቡላ ብትሰጪው አትጠቅሚውም፣ ትጎጂዋለሽ እንጂ። ሙክቱና ቡላ የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱም ወንድ ናቸው፣ የወንድ የሽንት ቱቦ ደግሞ ጠባብ ነው። ሴት ጊኒ ፒግ ብትሆን ቱቦዋ ሰፋ ስለሚል ትንሽ ጠጠር ራሱ ሊወጣ፣ ወይም ሐኪም በማደንዘዣ አስተኝቶ ያለ ቢላዋ ሊያወጣው ይችላል። ቡላ ይህ ዕድል የለውም።

ባለፈው ቡና ላይ የሳቁብሽንም ሰምቻለሁ። «ለአይጥ ከሺህ ዶላር በላይ?» አሉሽ አሉ። ቅር አይበልሽ። ይህ እንስሳ የተገኘበት የአንዲስ ተራራ ሕዝብም፣ ፔሩና ኢኳዶር ውስጥ፣ «ኩይ» ብሎ ቤቱ ያረባዋል፣ ለበዓልም አርዶ ይበላዋል፤ ለሽንቱ ራጅ ተነሣለት ቢባል እሱም ሳይስቅ አይቀርም። በእጅሽ ያለ ነፍስ ግን ያንቺ አደራ ነው። ገንዘቡን እስከ የት እንደምታወጪ መጨረሻ ላይ እንነጋገራለን፤ ሲስቁብሽ ግን ሣቂባቸው፣ አትከራከሪ።

አሁን ወደ ሐኪሟ እንሂድ። ልትጠይቂያት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አይጠይቀውም። ባለፈው ጊዜ ፊኛው ከተሰፋ በኋላ፣ ቡላ ከማደንዘዣው ሳይነቃ፣ ሌላ ራጅ ተነሥቶ ነበር ወይ? ካልሲየም በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ አንድም ፍርፋሪ አለመቅረቱን ማረጋገጥ ይቻላል። ይህ ካልተደረገ «ተመልሶ መጣ» የተባለው ጠጠር ጭራሹን ያልሄደ ሊሆን ይችላል፤ ቱቦው ውስጥ ተሸጉጦ የቀረ ቅንጣት ወደ ፊኛው ይመለስና እንደ ዘር ሆኖ ላዩ ላይ ኖራው ይደራረባል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የመጣን ጠጠር እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው በዚህ ነው። እንግዲህ ሌላ ኦፕራሲዮን ከተደረገ፣ ከፊትም ከኋላም ራጅ ይነሣ፤ የመጀመሪያው ከኩላሊት እስከ ቱቦው ጫፍ ያለውን ሁሉ ያሳይ። የወጣውን ጠጠር በብልቃጥ አድርገው ለማስታወሻ ብቻ አይስጡሽ። ወደ ላቦራቶሪ ይላክ፤ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ከ1981 ጀምሮ ይህንኑ የሚሠራ የሽንት ጠጠር ማዕከል አለው፣ ሐኪሟ መላክ ትችላለች። ከፊኛው ግድግዳ ደግሞ ናሙና ተወስዶ ባክቴሪያ ይመርመር። ኢንፌክሽን ተደብቆ ከተቀመጠ ሰላጣ ብትለዋውጪ፣ ውሃ ብታጣሪ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

መኖው ላይ ረዘም ላድርግ፤ ያንቺ ድርሻ እዚያ ነውና። እናትሽን በጣም አከብራታለሁ፤ ግን ጎመን ስትከትፍ ግንዱንና ቅጠሉን ለቡላ የምታቀብለው ነገር መቆም አለበት። ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቡላም ቢላዋው ከመክተፊያው ጋር ሲገናኝ ሰምቶ ሲጥ ሲጥ ይልላታል። ነገር ግን 100 ግራም ጥሬ ጎመን ከ200 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም አለው። ያንኑ ያህል ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ፣ ያ ወፍራሙ የማያቃጥለው፣ 10 ሚሊግራም አይሞላም። ሮሜን ሰላጣ 30ዎቹ ውስጥ ነው። ፓርስሊና ኬልም ከጎመኑ ወገን ናቸው። ስፒናችና ቆስጣ ኦክሳሌት ስለሚበዛባቸው እነሱንም ተያቸው። እናትሽን «አትስጪው» ከምትያት «ይቺን ስጪው» ብለሽ የቀይ ቃሪያ ቁራጭ በእጇ አስይዣት፤ ከልካይ ከምትሆኚባት ሌላ መንገድ ብታሳዪያት ይሻላል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎ ለሁለቱም አይሰጥ፤ ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልግም።

የመኖው ዋና ግን ቅጠሉ አይደለም፣ ድርቆሹ ነው። የቲሞቲ ሣር ድርቆሽ ሌሊትም ቀንም ከፊቱ አይጥፋ። አልፋልፋ ግን ለእሱ አይሆንም። እኛ አገር ላም የምናስወፍርበት ተክል ነው፤ ካልሲየሙ ብዙ ስለሆነ ከስድስት ወር በታች ላለ ግልገል፣ ለእርጉዝና ለምታጠባ እንጂ ለጎልማሳ አይሰጥም። የምትገዢውን ፔሌት ከረጢት ገልብጪና ጀርባውን አንብቢ፤ መጀመሪያ የተጻፈው አልፋልፋ ከሆነ መልሺው። የቲሞቲው ፔሌትም ቢሆን በቀን አንድ ስምንተኛ ኩባያ ይበቃዋል። (በነገራችን ላይ ጤፋችንም እዚህ አሜሪካ፣ አይዳሆና ኔቫዳ አካባቢ፣ ለድርቆሽ ይዘራል፤ ፈረስ ይቀለብበታል። እኛ እዚህ ለአንድ ከረጢት ዱቄት ስንት እንከፍላለን፣ ፈረሱ ጭዱን ሳይሆን ሙሉውን ሣር ያኝካል። ጤፍም ሣር ነውና ቲሞቲ ያጣሽ ቀን ሐኪሟን አማክረሽ ብትሞክሪው ቡላ አይከስሽም።)

ካልሲየም ጠላት ነው ብለሽ ደግሞ ጨርሰሽ አታስርቢው። አጥንትና ጥርስ ያስፈልገዋል፤ የጊኒ ፒግ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋልና። የምንፈልገው ትርፉን መቀነስ ነው። እዚያ ቤቱ ጥግ ያንጠለጠልሽለትን የጨውና የማዕድን ድንጋይ አውጪው፤ የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል ሞኝ ይልሳል እንዲሉ፣ ቡላ መላሱን እንጂ የሚላሰው ምን እንደሆነ አያውቅም።

ቫይታሚን ሲ ሌላው ነገር ነው። ጊኒ ፒግ እንደ እኛ ነው፤ ቫይታሚን ሲን ገላው ውስጥ መሥራት አይችልም፣ ከምግብ ካላገኘ ድዱ ይደማል፣ መገጣጠሚያው ያብጣል። ጤነኛው በየኪሎው በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ይበቃዋል። ቡላ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ 20 ግራም ቀይ ቃሪያ ይህንን ብቻውን ሊሸፍንለት ይችላል። ማር ሲበዛ ይመራልና ትርፉን ፍለጋ ክኒን ላይ ክኒን አትጨምሪለት፤ ከልክ ያለፈ ቫይታሚን ሲ ወደ ኦክሳሌት ይለወጣል፣ ያ ደግሞ ሌላ የጠጠር ዓይነት ይጋብዛል። ውሃው ውስጥ የምትጨምሪውንም ጠብታ ተዪው፤ ቶሎ ይበላሻል፣ ጣዕሙን ካልወደደው ደግሞ ውሃውን ራሱን ይተዋል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ውሃው ነው። ከሁሉ አንዱን ብቻ ላስተካክል ብትዪኝ ውሃውን እልሻለሁ። ሽንት ሲቀጥን ኖራው አይረጋም፣ ቶሎ ቶሎ ሲሸና ደግሞ ደለሉ ታጥቦ ይወጣል። ጤነኛ ጊኒ ፒግ በየኪሎው በቀን 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ እርጥብ ቅጠል ሲበዛለት ከዚያ ያንሳል። ጠርሙሱ ላይ ብቻ አትተማመኚ፤ ኳሷ ትጣበቅና ጠብታ እየለቀቀች ሲጠማ ይውላል። ከባድ የሸክላ ሳህን ውሃ አብረሽ አስቀምጪለት። ቅጠሉን ስታጥቢ አታድርቂው፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ስጪው። ቧንቧችሁ ማሰሮ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ የተጣራ ውሃ ስጪው፤ ምን ያህል እንደሚረዳ ሐኪሞቹ ራሳቸው ቢከራከሩም አይጎዳውም። ደግሞ ከቤቱ አውጥተሽ በየቀኑ አሩጪው። አንድ ቦታ ተጎልቶ የሚውል ወፍራም እንስሳ ሽንቱንም አይገፋም፣ ደለሉ ፊኛው ውስጥ ይተኛል።

አሁን ዓይንሽን ላሠልጥንሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይህ እንስሳ ደግሞ በተፈጥሮው ደባቂ ነው፤ ታማሚ መስሎ የታየ በአውሬ ይበላልና። ስለዚህ እሱ ካልነገረሽ ጨርቁ ይንገርሽ። ጠዋት የሚተኛበትን ጨርቅ ስታነሺ፣ ሽንቱ የደረቀበት ቦታ ላይ ነጭ ነገር ታያለሽ። ያ ብቻውን አያስደንግጥሽ፤ የጊኒ ፒግ ሽንት ጥንቱንም ደፍረስ ያለ ነው። በሁለት ጣትሽ እሺው። እንደ ዱቄት ልሞ የሚጠፋ ከሆነ ደህና ነው። አሸዋ አሸዋ ካለሽ፣ በጥፍርሽ ስር ከተንኳኳ፣ ያን ቀን ሐኪሟ ጋ ደውዪ። ሲሸና ጀርባውን ቀስት አድርጎ ሲጥ ማለት፣ ጠብ ጠብ እያለ መመላለስ፣ ሆዱ ሥር እርጥበትና ክፉ ሽታ፣ ቀይ ሽንት፣ እነዚህን አይተሽ «ነገ ይሻለዋል» አትበዪ። (ሴት ብትሆን ቀዩ ከማኅፀንም ሊሆን ይችላል፤ ያም ቢሆን ለሐኪም ነው።) ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ። እያማጠ ምንም ጠብ ካላለለት ግን በሰዓት የሚቆጠር ነገር ነው፤ ሌሊት ቢሆንም፣ ዝናብ ቢሆንም ድንገተኛ ክሊኒክ። መብላት ከተወም እንዲሁ፤ አንጀቱ ግማሽ ቀን ባዶ ከሆነ መሥራት ያቆማል። ለኦፕራሲዮን ስታደርሺውም እንደ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ አታስጹሚው።

የወጥ ቤት ሚዛን አለሽ አይደል? በየሳምንቱ ቅዳሜ ቡላን በቅርጫት አድርገሽ መዝኚውና ጻፊ። ልጅሽ ትጻፈው፤ ቁጥር ትወዳለች። ጎልማሳ ጊኒ ፒግ ከ700 እስከ 1200 ግራም ነው፤ የራሱን ቁጥር ካወቅሽ ሚዛኑ መውረድ ሲጀምር፣ ደም ከማየትሽ በፊት፣ ትነቂያለሽ።

ከመድኃኒት ሣጥንሽ ግን እጅሽን ሰብስቢ። የኛ ሰው የተረፈ አሞክሳሲሊን የማያስቀምጥበት ቤት የለም። ለጊኒ ፒግ በአፍ የተሰጠ አሞክሳሲሊን፣ ፔኒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን መርዝ ማለት ነው፤ አንጀቱ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተህዋሲያን ፈጅቶ ክፉዎቹን ያነግሣል፣ በጥቂት ቀን ይገድለዋል። ኢንፌክሽን ካለ ሐኪሟ የሚስማማውን ታውቃለች። ይህን የሚያውቅ ሐኪም ደግሞ ሁሉም አይደለም፤ «ኤግዞቲክ» የሚባሉትን እንስሳት የሚያክም ፈልጊ። ፖታሲየም ሲትሬት የሚያዙ አሉ፤ ማስረጃው ገና ጠባብ ነው፤ እሷ ካዘዘች ስጪው፣ ከሰው ሰምተሽ ግን አትግዢ።

የፈራሽው ጥያቄ ቀረ። ሌላ ኦፕራሲዮን ይደረግ ወይስ ይብቃው? ጊኒ ፒግ በደህና ከያዙት ከ5 እስከ 8 ዓመት ይኖራል። ጠጠሩ ትንሽ ከሆነ፣ ፊኛው ውስጥ ዝም ብሎ ከተቀመጠ፣ ቡላ እየበላ ሚዛኑን ከጠበቀ፣ ሐኪሟ የሕመም ማስታገሻ ሰጥታ በየሦስት ወሩ በራጅ ብትከታተለው እኔ ጥሩ ነው እላለሁ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቱቦውን ከዘጋው ምርጫ የለም፣ ያን ቀን ይወሰናል። ኩላሊቱ ውስጥም ጠጠር ከታየ፣ ከስቶ ከሆነ፣ ከአንዱ ቁስል ሳይድን ሌላው ከመጣ ግን፣ ሌላ ቢላዋ ለእሱ ሳይሆን ለኛ ኅሊና ነው የሚሆነው። በመርፌ አሳርፊው። ጭካኔ አይደለም። ሙክቱም ፊኛው ከፈነዳ በኋላ ባለቤቱ «እስቲ አንድ ቀን እንየው» ሲለኝ እሺ ብዬ አላውቅም። ገንዘቡንም ዛሬ ወስኚ፤ ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ይህን ያህል ነው የምንችለው በሉና ጻፉት፣ ክሊኒክ በር ላይ በእንባ የሚወሰን ወጪ ለቤት አይበጅም።

ልጅሽን ደግሞ አታታልያት። «ወደ እርሻ ሄደ» የሚሉት የፈረንጅ ተረት አለ፤ ለኛ ልጆች አይሆንም፤ ለቅሶ ቤት ወስደን ያሳደግናቸው ናቸው። ጠጠሩ ሊመለስ እንደሚችል፣ ቡላ ሊሞት እንደሚችል አሁኑኑ ንገሪያት፤ መልካሙን ቀን ሳለ። ቢሞት ጥቁር ብቻውን አይቅር። ስዊዘርላንድ ከ2008 ጀምሮ ጊኒ ፒግን ያለ ጓደኛ ማኖር በሕግ ከልክላለች፤ ፈረንጅ ያበዛው ነገር እንዳይመስልሽ፣ ብቻውን የቀረ መብላት የሚተው አለ።

ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ ጥቁርንም አብራችሁ መዝኑት፣ ጨርቃቸውንም ለየብቻ አድርጊ፣ አለዚያ አሸዋው የማን እንደሆነ አታውቂም። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ቅጂውን ላኪልኝ፤ ለእናትሽም ቀይ ቃሪያ የት እንደሚሸጥ አሳዪያት።